የእናቴ ሽፋሽፍት

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ለአክስቷ ሠርግ ልትኳኳል ከሞጣ ገበያ አንዲት የምታብረቀርቅ ወረንጦ ገዝታ መጣችና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቅንድቧን ትነቅል ጀመር። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ወረንጦዋ ብርሃኑ ላይ ብልጭ ስትል እጄ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ሽሮው ገንፍሎ ከሰሉን እስኪያጠፋው ድረስ አልሰማሁም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ቅንድቤን እኮ ነው፤ ዐይኔን አልነካሁም!» አለች። ልቆጣት ነው ብላ ቀድማ መሟገቷ ነው፤ አልፈርድባትም። በዚህ ቤት ዐይን ከተነሣ እኔ አላርፍም። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ የፊት ፎጣ ሰቅዬላቸዋለሁ፣ የአንዱን አንዱ እንዳይነካ ቀለማቸውን ለይቻለሁ፣ ጠዋት ፊታቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ከደጅ አይወጡም፤ ትንሹ ልጄ ዐይኑን ሲያሽ ደግሞ ጓዳ ሆኜ ሳላየው እንኳ «እጅህን!» እላለሁ። ከኋላዬ «የዐይን ፖሊስ» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። ያን ቀን ግን አልተቆጣሁም፤ «እስቲ አምጪያት» ብዬ ወረንጦዋን ተቀብዬ በሁለት ጣቶቼ መሃል ያዝኳት። ጣቶቼ አልረሱም ነበር።

የተወለድኩት ከቢቸና ብዙም በማይርቅ የጤፍ አገር ነው። እናቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዐይኗ ነው፤ ዐይኗ ስል ግን ብሌኗን ማለቴ አይደለም፣ እሱን ደህና አድርጌ ያየሁት ኋላ ነው፤ የማስታውሰው ሁልጊዜ ግማሽ ተከድኖ፣ ጠርዙ ቀልቶ የሚያነባውን የዐይን ቆቧን ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይፍቀው ነበር። ፀሐይ ይወጋታል፣ ጢስ ይወጋታል፣ በመኸር ከአውድማ የሚነሣው እብቅ ያንገበግባታል፤ ስለዚህ ነጠላዋን እንደ ቤት ክፈፍ በግንባሯ ላይ አውርዳ፣ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። የማያውቋት ኩራተኛ ይሏታል፤ የበለጠ የማያውቋት ደግሞ ሐዘንተኛ ናት ብለው ያጽናኗታል። አንድ ቀን ቢቸና ገበያ አንድ ጨው ነጋዴ እንባዋን አይቶ «አይዞሽ እህቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ሲላት፣ ሰውዬው እንዳያፍር ብላ «አክስቴ» አለችው፤ ጨውም መርቆ ጨመረላት። ቤት እስክንደርስ ድረስ እንባዋን እየጠረገች ሣቀች፤ የሣቁን እንባ ከበሽታው እንባ መለየት የማይቻልባት ሴት ነበረች።

ይህ በሽታ የእሷ ብቻ አልነበረም። ማዝ ይሉታል፤ ትራኮማ መባሉን የሰማሁት ኋላ ነው። በሰፈራችን ብዙ እናቶች ከማተባቸው ጋር፣ ከመስቀሉ ጎን፣ ቀጥቃጭ የሠራት የብረት ወረንጦ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ፀጉሩ በቆረቆራቸው ጊዜ አጥር ሥር፣ ወፍጮ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላም ደጀ ሰላሙ ጋ፣ ደህና ዐይን ያላትን ፈልገው «እስቲ እዪልኝ» ይላሉ። የእናቴን የሚነቅሉላት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ ምላሳቸው ስለት፣ እጃቸው ግን ደነዝ። አንድ ጠዋት እናቴ ተንፈራግጣ ጮኸችባቸው። እትዬ ብርቄም ወረንጦዋን ወርውረው «ኧረ እኔስ ከዛሬ ወዲያ አላይልሽም! ፀጉርሽ ይሁን ቆዳሽ መች ለየሁት፤ የእኔንም የሚነቅልልኝ አጥቻለሁ። ይህች ልጅሽ በጨለማ ኑግ ትለቅማለች፣ እሷ ትንቀልልሽ» አሉ። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ዐይን የእኔ ሆነ።

ጠዋት ከብቶቹ ከወጡ በኋላ፣ እኔ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ፀሐይዋ ከቁልቋሉ አጥር በላይ ስትል ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ፤ እናቴም ነጠላዋን አንጥፋ ራሷን ጭኔ ላይ ታደርጋለች። የፀጉሯ ቅቤ በፀሐይ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ አሁን ይህን ስጽፍ አፍንጫዬ ሥር ነው። በአውራ ጣቴ ቆቡን ገልብጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ያችን ከጤፍ ገለባ የቀጠነች ፀጉር እፈልጋለሁ፤ ስነቅላት እናቴ አትጮኽም፣ የእግሯ ጣቶች ብቻ ጭብጥ ይሉና ይዘረጋሉ። ነቅዬ ጥፍሬ ላይ ሳስቀምጥላት ማየት ባትችልም ወደዚያ ዞር ብላ «እሰይ፣ ደመኛዬ ወጣች!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነበር ደጉ ጊዜ። ሥራው አልቆ እንኳ ቶሎ አትነሣም፤ ዐይኗን ጨፍና፣ ቆማ የማታወራውን ሁሉ ታወራኛለች፤ ልጅ ሳለች ወንዝ ወርዳ ስለጠፋባት አምባር፣ ለአባቴ ሊያጯት ሲመጡ ጤፍ ጎተራ ውስጥ ተደብቃ በማስነጠሷ ስለመያዟ። ቀና ስትል እናቴ ነበረች፤ ጭኔ ላይ ስትተኛ ግን ጓደኛዬ ነበረች።

መድኃኒቷ እኔ እመስላት ነበር፤ ለእኔም እንዲያው። የነቀልኩት ግን ይመለሳል፤ ሲመለስም ደድሮ ነው። እየቆየ አንደኛው ብሌኗ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ወጣ። እንቅፋት ይመታት ጀመር፣ መርፌ ማስገባት ተወች፣ ምስሩን ስትለቅም ድንጋዩ ይቀራል፤ አባቴ ጥርሱን ሲነካው ዝም ብሎ አውጥቶ ያስቀምጣል። አንድ ምሽት እራት ላይ ግን፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «እንግዲህ ገደል ገብተሽ ከምትቀሪ ልጅቱ ከትምህርቷ ትቅርና ትምራሽ» አላት። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ዐይነ ስውር በልጅ ሲመራ በየንግሡ አይቻለሁ፤ የዱላውን አንዱን ጫፍ ልጅ፣ ሌላውን ጫፍ ሽማግሌ ይዞ። እናቴ እንጀራውን በጣቷ ዳብሳ ትልቁን ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

ዐይኑ ፀጉር የበቀለበት ሁሉ ለሕክምና ቢቸና እንዲመጣ በቤተ ክርስቲያን ተነግሮ ነበር። እትዬ ብርቄ የሰሙትንም ያልሰሙትንም ይዘው ከተፍ አሉ።

«ዐይንሽን ለመለማመጃ ልትሰጪ ነው? ቆዳውን ቆርጠው እንደ ከበሮ ይወጥሩታል አሉ፤ ስትተኚ እንኳ አይከደንም! እንደ ጥንቸል አፍጥጠሽ ልታድሪ ነው?»

እናቴ ሣቀች፤ ግን እጇ ማተቧን ይዞ ነበር። ሌላ ጊዜ እንዲህ ቢያስፈራሯት ኖሮ የምትቀር ይመስለኛል፤ መርፌ ሲጠራ እንኳ የምትሸሽ ሴት ናት። በቀጠሮው ቀን ግን ማለዳ ቀሰቀሰችኝ፤ ለብሳ ነበር። «ተነሺ፣ ምሪኝ» አለችኝ። ወዴት እንደሆነ ስጠይቃት «ወደ ሐኪሞቹ። ዛሬ ብቻ ነው የምትመሪኝ» አለች። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛ ነበር፤ ዱላ አላስነካችኝም።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሴቶች አብዛኞቹ እንደ እናቴ ወረንጦ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። አንዲት ነርስ የእናቴን ቆብ ገልብጣ አየችና «ማነው የሚነቅልልዎት?» አለቻት። እናቴ ኮራ ብላ ወደ እኔ ጠቆመች፤ «ይህች ናት። እጇ ቀላል ነው፣ ሲስተር» አለች። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ጎንበስ ብላ ለእኔ አስረዳችኝ። ፀጉሩ ሲነቀል ለጊዜው ያሳርፋል፣ ግን ታጭዶ መሬት ላይ እንደቀረ የገብስ አገዳ ደድሮ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የፀጉሩ ሳይሆን የቆቡ ነው፤ በሽታው በልጅነት ባልታጠበ ፊት፣ በዝንብ፣ ሁሉም በሚጠርግበት አንድ ጨርቅ እየተመላለሰ ውስጡን ያቆስለዋል፣ ቁስሉ ሲሽር ቆቡን ጎትቶ ያጥፈዋል። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ የእናቴ ነጠላ ጫፍ። እኔን፣ ወንድሞቼን፣ ራሷንም በዚያው ጫፍ ነበር የምትጠርገን፤ ትንሽ ምራቅ ታስነካውና፣ አገጫችንን ይዛ፣ በፍቅር።

ገብታ እስክትወጣ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ስትል ይሰማኛል፣ ከዚያ ደግሞ ሐኪሙን ስለ ልጆቹ ስትጠይቀው። ዐይኖቿ በነጭ ፋሻ ተሸፍነው ወጣች። ቢቸና ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስን። ፋሻው ሲነሣ ዐይኗ አብጦ ነበር፤ ቀስ ብላ ከፈተችው። መጀመሪያ የገዛ እጇን አየች፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እኔን። ትስመኛለች ብዬ ቀረብኩ። እሷ ግን አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ ቆቤን በጣቷ ወደ ታች ሳበችና ፊቷ ተለወጠ፤ «ሲስተር! ነይ እስቲ፣ ይህችንም እዪልኝ። ቀልቷል!»

ቀልቶ ነበር። ነርሷ የላይኛውን ቆቤን ገልብጣ «ገና ነው፣ በጊዜ ደርሳለች» አለች፤ የዐይን ቅባት ሰጠችን፣ ፊታችንን ሁላችንም እንድንታጠብ አስጠነቀቀች። ያን ሁሉ ጠዋት እኔ የእሷን ዐይን ስፈልግ እሷ የእኔን የምታይበት አልነበራትም፤ ባገኘች ጊዜ መጀመሪያ የመረመረችው የእኔን ነው። ጉም የያዘው ብሌኗ ጉሙ አልለቀቀውም፤ ሌላው ግን ተረፈ፣ እስክትሞት ድረስም መርፌ ራሷ አስገባች። እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፤ ስድስተኛን ጨረስኩ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበረ እዚያው ላይ ቆመ። እትዬ ብርቄም በተራቸው ሄደው ታከሙ፤ ለወር ያህል በየቤቱ እየዞሩ ዐይናቸውን ጨፍነው «ይኸው፣ ይከደናል!» ሲሉ ሰነበቱ።

ዛሬ ልጆቼ ዐይናቸው ጥሩ ነው፤ ብሌናቸው ጥርት ያለ ነው፤ ምስጋና ይግባው። የአንዳቸውም ራስ ግን ጭኔ ላይ ለረጅም ጊዜ አይተኛም፤ የሚያስተኛው ሕመም የለማ። እናቴም ከዳነች በኋላ አልተኛችም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፌ ፀሐይ ስሞቅ በፊቴ ቀና ብላ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ እንደ ማንም ጤነኛ ሰው ወደ ሥራዋ ታልፍ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ጭኔ ግን ይቀለኝ ነበር። የአምባሩን ታሪክ መጨረሻ ሳትነግረኝ ቀረች፤ ቆማ የምታወራው አልነበረም።

ለሞጣው ባሌ የተዳርኩ ጊዜ፣ ሙሽራው በግንደወይን አድርጎ ከመድረሱ በፊት፣ በዚያ ግርግር መሃል ፈልጋ አጥር ሥር አገኘችኝ። አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ሹሩባ ተሠርቻለሁ። ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና ዐይኗን ጠበብ አድርጋ «እስቲ እዪልኝ፤ አንዲት የቆረቆረችኝ መሰለኝ» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ራሷን በአዲሱ ቀሚሴ ላይ አሳረፈች። ቆቧን ገልብጬ አየሁ። ሽፋሽፍቷ ሁሉ ወደ ውጭ ተደርድሯል፤ አንዲት እንኳ የገባች የለችም። እሷም ታውቃለች።

«አለች?» አለችኝ ዐይኗን እንደጨፈነች።

«ቆይ፣ እየፈለግኩ ነው» አልኳት፤ ከሩቅ የሙሽራው አጃቢዎች ዘፈን እስኪሰማ ድረስም ፈለግኩላት።