ጀርባዋን ለበር የማትሰጠው

ዓረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር፣ የቁም ዶሮ መሸጫው ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ ከፊቴ ቆማለች። የወሎ ሰው መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። የክፍሏን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ጀርባዋን ለበር አትሰጥም።

ለእንስሳት የሚሟገቱ ወጣቶች «ዶሮ በዶሮ ፊት አትታረድ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ቢለጥፉ፣ ባለሱቁ ስቆ ቀደደው። እሷ ግን ስሟን እንኳ ሳትነግረን እኛን ሐበሾቹን ሁሉ አሳድማ ደንበኛ አሳጣችው። ሲጨንቀው በዶሮዎቹና በማረጃው መሃል መጋረጃ ሰቀለ።

ዛሬ ግን ሳይዘጋው ቢላዋውን አነሳ።

«መጋረጃውስ?» አለችው።

የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌላት ያውቃል። «አንቺ መጀመሪያ ኢቃማሽን አሳዪኝ!» አላት።

ቁልፏን ጨበጠች እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

«ኢቃማ የለኝም። ዶሮዋም የላትም። ያላ፣ ዝጋው!»