ለጎብኚ የማይታየው ሞተር

ነገሌ ቦረና፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ዲኑ አቶ ቶለራ ላቦራቶሪዬን አሳዩኝ። የተሰባበሩ ወንበሮች የተከመሩበት መጋዘን ነበር። «ሥራህን በአጭሩ ንገረኝ» አሉኝ።

«በሙቀት የሚሠሩ ጥቃቅን ሞተሮች እነድፋለሁ። ቀጭን ብረት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲረዝም ይገፋል። በዚያ ግፊት ዓይን የማያያቸውን ዕቃዎች አንስተን እንገጣጥማለን።»

«ሙቀትማ እዚህ ሞልቷል» ብለው በቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ።

ቀልዱ እውነት ሆኖ አረፈው። የመጀመሪያው ንድፌ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ስስ ቅጠል ነበር። ቀትር ላይ የክፍሉ ሙቀት ብቻውን አንዱን ብረት ከሌላው ይበልጥ አርዝሞ ያጎብጠዋል። ቴክኒሻኗ ሐሊማ የፊልቱ ከተማ ልጅ ናት፤ በማይክሮስኮፑ አይታ «ኢንጂነር፣ ሳይታዘዝ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ።

ንድፉን ቀየርነው። ከአንድ የኒኬል ቅጠል ቀጭንና ወፍራም ክንድ ጎን ለጎን በአሲድ ቀረጽን። የክፍሉ ሙቀት ሁለቱንም እኩል ያረዝማል፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ግን ቀጭኑ ይበልጥ ሞቆ ጫፉን ያጎብጠዋል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሞተሮች ፊት ለፊት ሲቀመጡ መቆንጠጫ ወጣቸው። ከወራት ልፋት በኋላ ሐሊማ ከዱቄት ቅንጣት የማትበልጥ ማርሽ አንስታ ቦታዋ ላይ ሰካች። ትንፋሻችን የሚያበንናት መስሎን ደስታችንን እንኳ በሹክሹክታ ተነጋገርነው።

ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ ይመጣል ተባለ። አቶ ቶለራ ገብተው ጠረጴዛውን ዞሩት።

«የታለ?»

«ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው መስታወት ላይ ነው።»

«አይታይም እኮ።»

«ጥቅሙም እሱ ነው።»

«ለጎብኚ አይሆንም። አሳድገው።»

ካደገ ትንሽ ዕቃ እንደማያነሳ ላስረዳ ሞከርኩ። እሳቸው በያጅ ጠርተው በር የሚያህል መቆንጠጫ አሠሩ። አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። አይንቀሳቀስም።

እንግዳው መጥተው ወደ ማይክሮስኮፑ ሊያጎነብሱ ሲሉ አቶ ቶለራ ቀደሟቸው። የማይክሮስኮፑ መብራት ሲበራ መስታወቱ ላይ ጉድፍ አይተዋል። መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጉት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እሱ ነው» አለች ሐሊማ በቀስታ።

እሳቸው ጨርሰው መሐረቡን እያጠፉ ነበር።

እንግዳው ባዶውን መስታወት ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ድንቅ ነው፣ በጣም ድንቅ» አሉ። ከዚያ ከአረንጓዴው ብረት ጎን ቆመው ፎቶ ተነሡ።

እንግዳው ሲሄዱ መሐረቡን ለመንኩ። አቶ ቶለራ እያመነቱ ሰጡኝ። ሐሊማ ማይክሮስኮፕ ሥር ዘርግታ ማርሿን አገኘቻት፤ ሞተሮቹ ግን ተጠማዝዘው ነበር። የአሲዱን ጓንት አጠለቀች። ከመጀመሪያው ጀመርን።

ለአዲስ ባለሙያ የምለው ይህን ነው፦ ሞተሩን ከመሥራትህ በፊት ክዳን ሥራለት።