ፍል ውሃ ከመድፋት በፊት

ከፈተና ወረቀት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ዛሬ ግን የድንች መቀቀያውን ውሃ ልደፋ ስል እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ እጄም እንደ ልማዱ ቆም አለ። ለምን እንደሚቆም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ከከተማችን ግንብ መግቢያዎች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ስንኖር አንዲት የሣር ስፌት ሰፊ ሴትዮ ጎረቤታችን ነበሩ። የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ስፌት ያስተምሩ ነበር። ደጃቸው ሁልጊዜ እርጥብ ሣርና ቀለም ይሸት ነበር። ሣሩን የነከሩበትን ፍል ውሃ ቦዩ ውስጥ ከመድፋታቸው በፊት «ቢስሚላሂ! ዞር በሉ» ይሉና ትንሽ ይጠብቃሉ።

«ማንን ነው፣ እማማ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጂኖቹን ነዋ። እነሱም ልጆች አሏቸው፤ እንዳይቃጠሉብኝ።»

ደነገጥኩ። «አይተናኮሉም?»

«እንደ ሰው ናቸው ልጄ። ክፉም አለ፤ ከእኔ የተሻለ ሰጋጅም አለ» ብለው ሳቁ።

በእኛ ቤት የነበረው ቃል ጋኔን ነው። ጋኔን ደግሞ ደግ የለውም፤ በጠበል የሚወጣ ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ሲባል የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ልጆቹ መኖሬንም ልብ አይሉም ነበር። አንድ ጠዋት እንዲያዩኝ ብዬ፣ «ሴትዮዋ እኮ ጋኔን ያናግራሉ» አልኩ። ጂን ማለት እችል ነበር። ጋኔን ይበልጥ ያስፈራል ብዬ መረጥኩት።

«ሂጂ፣ ውሸታም!»

«ማርያምን! በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

የጀሪካኑ ኳኳታ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እኔን አየ። ደስ አለኝ። ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ነው፤ ደስ ማለቱ።

ሳምንት ሳይሞላ እናቶች ልጆቻቸውን ከስፌቱ አስቀሩ። «የጋኔን እናት!» እየተባለ በራቸው ላይ ጠጠር ተወረወረ። እኔ አልወረወርኩም፤ ግን ተዉ አላልኩም። ሴትዮዋም ብቻቸውን መስፋት ሲሰለቻቸው ድሬዳዋ እህታቸው ዘንድ ሊኖሩ ተነሡ።

የሄዱ ዕለት ዕቃቸውን እስከ ባጃጁ ተሸከምኩላቸው። «እማማ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩና እንባዬ ቀደመኝ። ቀለም የጠጣ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ፍል ውሃ ስትደፊ አስቀድመሽ ድምፅ አሰሚ፣ ልጄ። ከታች ማን እንዳለ አይታወቅም።»