የኦሞ ቁልቁለት ስንቅ

ቦልቴ ቁጡ ነበረች። ይህን የሚክድ የኪንዶ ሰው የለም። ከባሏ ወንድሞች ጋር በድንበር ተጣልታ ክረምት አልፎ ክረምት እስኪመጣ አኩርፋቸዋለች። እንሰቷን የሚቆፍርባትን ጃርት በገጀራ አሳዳ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ስትሳደብ ጎረቤት በእግሯ ጎትቶ አውጥቷታል። ሳቋም እንደ ቁጣዋ ቅርብ ስለነበር ሰው ይወዳት ነበር። ጣልያን ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በነበረው በጋ የተቆጣችው ቁጣ ግን ሳቅ አልተከተለውም።

ያን ጊዜ ከሶዶ ተነስቶ፣ በገሱባ አልፎ፣ ኦሞን ተሻግሮ ኩሎ የሚገባ መንገድ ነበር። የሶዶው ሹም ማርና ቡና የሚመጣው በዚያ ነው። ከኪንዶ አፋፍ ወዲህ በቅሎ ይጭነዋል። ከአፋፉ በታች ግን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አለ፤ እዚያ የወረደች በቅሎ ብትመለስም ከስታ ትሞታለች። ስለዚህ በበረሃው ውስጥ ሸክሙን የሚያወጣው ገባሩ ነበር። ከወንዙ ዳር ያሉት እስከ ቁልቁለቱ ወገብ ያደርሱታል፤ ከዚያ ሌሎች፣ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ተቀብለው አፋፉ ላይ ያወጡታል። በዚያ በረሃ መንደር የለም፣ ገበያ የለም፣ እፍኝ ቆሎ የሚለመን ጎረቤት የለም። ወንዝ ዳር ያሉት ወንዶች የሚበሉት ከላይ የሚወርድላቸውን ብቻ ነው።

ስንቁን የሚያዘጋጁት ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ነበሩ። ሴቶቹ ግን ከአፋፉ ኬላ አያልፉም። የኬላው አለቃ ወልደመስቀል «ሴት ከወረደች ወንዱ ተከትሏት ይወጣል፤ ሸክም ይጣላል» ብሎ ከልክሏል። ስንቁን ኬላው ይረከብና በተሸካሚዎቹ ቅብብል ይልከዋል፤ ሥርዓቱ ይህ ነው ተባለ።

የቦልቴ ባል ጩማ ወንዝ ዳር ከወረደ ወዲህ፣ ቦልቴ ገበያ በዋለ ቁጥር ወደ ኬላው ስንቅ ታደርስ ነበር። ለዚያ ስንቅ የቆረጠችው እንሰት ገና ያልደረሰ ነው። አማቷ ተክላው የሞተችው፣ ለልጅ ልጆቼ ሠርግ ይደርሳል ያለችው እንሰት ነው። ፍቃ፣ ጨምቃ፣ በጉድጓድ አብላልታ፣ ጋግራ፣ በቅጠል ጠቅልላ ወሰደችው። በቅል ዳጣ ጨመረችበት፤ ጩማ ያለ ዳጣ ምግብ አይወርድለትም። ከማሳዋ በቆሎም በአቁማዳ ሞልታ ሰጠች።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወርዶ የነበረው የጩማ አጎት ኤርካሎ ንዳድ፣ የበረሃው ወባ፣ ይዞት ተለቀቀና መንደር ገባ። ቦልቴ ልትጠይቀው ሄደች። አንገቱ የመቃ ያህል ቀጥኗል።

«ቆጮዬ ደህና ደረሰ? አልሻገተም?» አለችው።

ኤርካሎ ፊቷን አየት አደረገ። «የቱ ቆጮ?»

«የምልከው ነዋ!»

«ልጄ፣ እኛ በጋው ከገባ ስንቅ ያየነው አንዴ ነው። እሱም እፍኝ አይሞላም። ሥር እየማስን ነው የምንበላው። ጩማ ሚስቴ ረስታኛለች ብሎ ስምሽን መጥራት ትቷል።»

 ቦልቴ ቤቷ ገብታ የቀረውን ቆጮ ሁሉ ጋገረች። በማግስቱ ስትነሳ የመንደሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው ደጅ ጠበቋት፤ እነሱም እንደ እሷ ተሸክመዋል። የቶማ እናት አስካለች ግን ጉልበቷ መንገድ አይችልም። ልጇ ቶማ ከጩማ ጋር ነው የወረደው፤ ሌላ ልጅ የላትም። የራሷን ጥቅል አምጥታ በቦልቴ ጀርባ ላይ ደረበችው። «በእጁ ስጪልኝ። በሌላ ሰው እጅ እንዳይሆን» አለቻት።

ኬላው ሲደርሱ የወልደመስቀል በቅሎዎች ከግንድ በተፈለፈለ ገንዳ አፋቸውን ነክረው ይበላሉ። ቦልቴ ጠጋ ብላ አየች። በቆሎ ነው። ከጎጆው ጥላ ሥር ደግሞ አቁማዳዎች ተከምረዋል፤ አንዱ አፉን የታሰረው እሷ ራሷ በገመደችው የእንሰት ቃጫ ነው።  ወደ በረሃው መውረድ የማይችሉት በቅሎዎች ወፍረው ጠጉራቸው ያብረቀርቃል፤ የሚወርዱት ሰዎች ሥር ይምሳሉ።

ወልደመስቀል በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ በአስተርጓሚው በዱባለ በኩል ምን እንደምትፈልግ አስጠየቃት። ዱባለ የአገሩ ልጅ ነው።

«ሌባ ነህ በለው» አለች ቦልቴ በወላይትኛ። «የባሌን ጉሮሮ ዘግተህ በቅሎህን አሰባህ በለው።»

ዱባለ ጉሮሮውን ጠረገና በአማርኛ፣ «ጌታዬ፣ ስንቁ ቶሎ እንዲላክላት ትለምናለች» አለ።

ቦልቴ ልጅ ሳለች ሶዶ በአንድ የሹም ቤት ውሃ ስትቀዳ አድጋለች። አማርኛውን አሳምራ ትሰማለች።

«ዱባለ!» አለችው። «እኔ ለመንኩ? ሌባ ነው ያልኩት! ቃሌን ከአፌ ሰርቀህ ለእሱ ታበላለህ?»

ዱባለ መሬት መሬቱን አየ። ወልደመስቀል ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዕቃሽን አስቀምጪና ሂጂ። የበረሃ ሰው ቅጠል በልቶ ይኖራል፤ የመንግሥት በቅሎ አይኖርም።»

ጥቅሉን ከጀርባዋ አላወረደችም። በዘበኞቹ መካከል አለፈችና ቁልቁለቱን ያዘች። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት። ዘበኞቹ አፋፉ ላይ ቆመው ተያዩ፤ ንዳዱን ስለሚፈሩ ከዚያ በታች ወርደው አያውቁም። «ስትወጣ ታገኘኛለች!» የሚለው የወልደመስቀል ድምፅ ብቻ ከኋላ ወረደ።

መንገዱ ጠጠር ነው፤ እግር ይከዳል። እየወረዱ ሲሄዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወንዶቹ ከሾላ ሥር ተኝተዋል፤ ሊነሳ የሞከረው ጥቂቱ ነው። ሴቶቹ ጥቅሉን ፈቱ። ምስጋናም ሰላምታም አልነበረም፤ የማኘክ ድምፅ ብቻ ነበር።

ጩማ ጉንጩ እንደሞላ አያት። «ለምን መጣሽ?» አላት። «ከመሬታችን ልታስነቅይን ነው?»

ሬሳ የመሰለ ባሏን ስታይ ያዘነችው ሐዘን ወዲያው ቁጣ ሆነ። «ረሳችኝ ብለሃል አሉ! እኔ ያልደረሰ እንሰት እየቆረጥሁ አንተ ረሳችኝ ትላለህ? መውጣት አትችልም ነበር? መጮህ አትችልም ነበር?»

«ጠመንጃ አላቸው።»

«እዚህስ ምን አላችሁ?»

 ከዚያ የአስካለችን ጥቅል አነሳችና ዙሪያዋን ቃኘች። «ቶማ የታለ? በእጁ ስጪ ተብያለሁ።»

የሚያኝኩት አቆሙ። ጩማ በአገጩ ወደ ወንዙ አመለከተ። ከአሸዋው በላይ ድንጋይ ተከምሯል፤ አፈሩ ገና ትኩስ ነው።

«ንዳድ ያዘው» አለ ጩማ። «ንዳዱ ለብቻው አይገድለውም ነበር። ሆዱ ባዶ ነበር።»

ቦልቴ ጥቅሉን እንደታቀፈች ቆመች። አንዱ ተሸካሚ እጁን ወደ ጥቅሉ ሰደደ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ርቦት ነው። እጁን መታችው። «ይህ አይበላም» አለች።  ከዚያ ዞራ ዳገቱን ጀመረች።

 ጩማ የማሩን ሸክም ያሰረበትን መጫኛ ፈታ። መጫኛው የራሱ ነው፤ ወገቡ ላይ ታጠቀው። ሌሎቹም ተነሱ። ማሩንም ቡናውንም አሸዋው ላይ ጥለው፣ የደከመውን እየደገፉ ሴቶቹን ተከተሉ።

አፋፉ ላይ ወልደመስቀል አለንጋውን ይዞ ጠበቀ። የሚወጣውን ሕዝብ ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ሸክሙስ?» ብሎ ጮኸ።

ዱባለ ሊተረጉም አፉን ከፈተ። ቦልቴ ግን እሱን አልጠበቀችም፤ በአማርኛ መለሰች። «ወንዙ ዳር ነው። የበላችው በቅሎህ ናት፤ በቅሎህ ታምጣው!»

አለንጋው ትከሻዋ ላይ አረፈ። አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛውን ሲያነሳ ጩማ ክንዱን ያዘው፤ ወንዶቹ ከበቡት። ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን ቢያቀባብሉም አልተኮሱም። ሴቶቹ ወደ ጥላው ሄደው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አቁማዳ እያወቁ አነሱ።

ለቦልቴ ከአለንጋው የከበደው መንደር መግባቱ ነበር። አስካለች ደጇ ላይ ቆማ የሚመጡትን ወንዶች አንድ በአንድ ትመለከት ነበር። ቦልቴ ጥቅሉን መልሳ በእጇ አኖረችላት።  አስካለች ጥቅሉ እንዳልተፈታ በጣቷ ዳሰሰችና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ልቅሶው ከጎረቤት ተነሳ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሶዶ ወታደር መጥቶ ጩማንና ሌሎች ወንዶችን አስሮ ወሰደ፤ እስከ ክረምት ታሰሩ። ማሩን ጉንዳን በልቶታል፣ ቡናውን ወንዙ ሲሞላ ጠርጎታል። ወልደመስቀል ወደ ሌላ ኬላ ተዛወረ እንጂ አልተቀጣም። ሆኖም ተሸካሚ የሚሆን ሰው እንደ በፊቱ መገኘቱ ቀረ። አዲሱ የኬላ አለቃ ሴቶቹ ስንቃቸውን ራሳቸው ወንዝ ድረስ እንዲያወርዱ ፈቀደ። «ፈቀደ» ሲባል ስትሰማ ቦልቴ ትነድ ነበር። «የገዛ ቆጮዬን ለገዛ ባሌ ሳበላ ፈቃጅ አለብኝ?» ትላለች።

ጩማ ሲፈታ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። ሙክት ይዘን ሶዶ እንሂድ፣ ሹሙ ምሕረት ስላደረጉልን እጅ እንንሳ አሉ። ጩማም ተስማማ፤ ጋቢውን ደረበ። ቦልቴ ጓሮ ውስጥ እንሰት ስትኮተኩት ነበር። ኤርካሎ ተልኮ መጣና፣ «ልጄ፣ አንቺም ነይ እንጂ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ነው» አላት።

«የቶማን እናት ጠይቋት» አለችው ቀና ሳትል። «እሷ ጎንበስ ካለች እኔም እላለሁ።»

አስካለችን የጠየቃት የለም። ሽማግሌዎቹ ሙክቱን እየጎተቱ በገሱባ መንገድ ወረዱ። ጩማ ሲመለስ ሚስቱ እራት አቀረበችለት፤ ለብዙ ቀን ግን አላነጋገረችውም።