አባቴ ክፍል የገባው ምድጃ

አባቴ ግንበኛ ነበሩ። ወልድያ ውስጥ የምንኖርበትን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በገዛ እጃቸው ነው ያቆሙት። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረንበት። ጉልበታቸውን ብርድ ያዘውና ክረምት በገባ ቁጥር ከአልጋ መውረድ ይቸግራቸው ጀመር። ከሰል ማስገባት ፈራሁ፤ በከሰል ጭስ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ የቀረበትን ወሬ ያልሰማ የለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ነበር፤ መብራቱ ግን ካለበት ቀን የሚጠፋበት ይበዛል። በመጨረሻ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ በእንጨት የሚነድ የብረት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው አዘዝሁ። ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ከወጣ ምን ሊያመጣ ብዬ ነው።

በያጁ ምድጃውን ፈታትቶ በባጃጅ አመጣው። አራቱን እግሮች አቆመ፣ የላሜራውን ሆድ በላያቸው አስቀመጠ፣ በሩን ሰቀለ። ቱቦው በየቁራጩ ነበር። ከጭሱ የሚወጣው ቅጥራን ወደ ውጭ እንዳይንጠባጠብ የላይኛውን ጫፍ በታችኛው ውስጥ እየሰካ አሳየኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ቆርቆሮውን በስቶ ከጣሪያው አናት በላይ መውጣት አለበት አለ።

አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ይህን ቆርቆሮ የመታሁት እኔ ነኝ። አይበሳም" አሉ።

በያጁ ቱቦ ሲታጠፍ ጭስ እንደሚያዝ፣ ነፋስም እንደሚመልሰው በትዕግሥት አስረዳቸው። አልሰሙትም። ወደ እኔ ዞረ። እኔም በግድግዳው ይውጣ አልሁት። ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ በአባቴ አላሳብብም።

ብሎኬቱን በመሮ ፈልፍሎ ቱቦውን አጥፎ አሳለፈው፤ ውጭ እንደገና አጥፎ ወደ ላይ አቆመው። ጫፉ ከጣሪያው ክዳን በታች ቀረ። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ እሳት ባለ ቁጥር መስኮቱ ገርበብ እንዲል፣ ራስ ምታት ከመጣም ቶሎ እንድጠራው ነገረኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። እንጨቱ ደህና ይነድዳል፣ ጭስ የሚባል አይታይም፤ አባቴ እግራቸውን ዘርግተው ያንቀላፋሉ። መስኮቱ ብርድ ያስገባል ብለው ሲያስቸግሩኝ ዘጋሁት።

ከዚያ ምግብ ጠሉ። ራሴን፣ ራሴን ይሉ ጀመር። የበያጁ ነገር ትዝ ብሎኝ ቱቦውን ዞሬ አየሁት፤ ቤቱ ውስጥ ግን ጭስ አልነበረም፤ እርጅና ነው ብዬ ተውሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ወደ አልጋው ግርጌ እያዩ ፈገግ ብለዋል።

"እናትሽ መጥታለች" አሉኝ፣ ጎረቤት መጣ እንደማለት። "እግሬ ሥር ተቀምጣለች።"

ያየሁት ነገር የለም። ግን ከዚያ አልጋ ግርጌ ዓይኔን ለማንሳት ፈራሁ።

በእኛ ዘንድ ሙታን የሚጎበኙት ሰው መንገዱ ቀርቧል ይባላል። ጎረቤቶች ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ሸኹ መጥተው ዱዓ አደረጉ። ሰው እየበዛ ሲመጣ ቤቱ እንዳይበርድ እንጨት ጨመርሁበት። መርሳ ከተማ ያገባችውን ታላቅ እህቴንም በስልክ ጠራኋት።

እህቴ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰች። በሩን ዘግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የዙህር ሶላት ካለፈ በኋላ ግድግዳውን ይዛ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማ በስሜ ጠራችኝ" አለችኝ፤ ወዲያው ደጃፉ ላይ ተንበርክካ አስታወከች።

እሷ አላረጀችም፤ ጠዋት ከሚኒባስ ስትወርድ ምንም አልሆነችም ነበር። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ሮጬ ገብቼ መስኮቱን በረገድሁት። ከጎረቤት ጋር ሆነን አባቴን ከነፍራሻቸው እየጎተትን በረንዳ ላይ አወጣናቸው። ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አሉን።

በያጁ ያንኑ ቀን መጥቶ የውጭውን ቱቦ ነቀለ። መታጠፊያው ላይ ጥላሸትና ቅጥራን ተጋግሮ፣ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ ቀርታለች።

"የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም" አለኝ። ሌላ ወቀሳ አልጨመረም።

አባቴ ወደ ቤት ሲመለሱ ቆርቆሮው ተበሳ። ሲቆረጥ ከበረንዳው ሆነው አዩ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እሳቱ ሲበረታ ረገብ የሚያደርግ ትንሽ መዝጊያም ተገጠመለት። ራስ ምታታቸው ጠፋ፣ እህል ቀመሱ። ግን ጠዋት ጠዋት የአልጋቸውን ግርጌ ያያሉ።

"ወዴት ሄደች?" አሉኝ አንድ ቀን።

ያ ሁሉ የጭሱ መርዝ ያሳያቸው እንደሆነ፣ ሐኪሙም እንዲሁ እንዳለ ነገርኋቸው። "እህትሽም ሰምታታለች" አሉ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ወደ ቤት ስመለስ በራቸው ተዘግቶ አገኘሁት። ስገባ የመስኮቱ ስንጥቅ በጋቢ ተወትፏል፤ የቱቦው መዝጊያ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል። እሳቱ ፍም ሆኖ ይቀላል። አባቴ አልጋው ራስጌ ቁጭ ብለው ወደ ግርጌው ያያሉ።

"አባ፣ አንቱ ነዎት የዘጉት?"

"ለጥቂት ጊዜ ነው የዘጋሁት" አሉኝ፣ ረጋ ብለው። "ልሞት አይደለም። ላናግራት ነው።"

ፍሙ ላይ ውኃ ደፋሁበት። እንፋሎቱ እስኪጠራ ድረስ ከበረንዳው ሆነን እጃቸውን ይዤ ቆየሁ፤ ብርድ ነበር፣ እጃቸው ግን ይሞቃል። በያጁን ጠርቼ ምድጃውን አስፈታሁት። ለሌላ ቤት እንዳይሸጠው፣ ቆራርጦ ለበርና ለመስኮት እንዲያውለው ለመንሁት፤ እሺ አለኝ።

በሳምንቱ አባቴን ይዤ ወደ መርሳ ወረድሁ። መርሳ ሞቃት ነው፣ ለጉልበታቸውም እሳት አያሻቸውም። በመንገድ ላይ አላኮረፉኝም፣ አላጫወቱኝምም። አሁን እህቴ ዘንድ ናቸው፤ ደህና ይበላሉ፣ ደህና ይተኛሉ።

እህቴ በእንጨት የምታበስለው ግቢው ጥግ ባለች አነስተኛ ማድ ቤት ነው። እሳት ስታያይዝ አባቴ ወንበራቸውን ይዘው ይመጡና በሯ ሥር ይቀመጣሉ። እሷ ወንበሩን መልሳ ጥላ ውስጥ ታደርግላቸዋለች። በማግስቱ እዚያው ታገኛቸዋለች።