ደወሉ ይሰማል ብዬ የጻፍኩት

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በመስከረም ወር መጨረሻ፣ ሞላሌ ከተማ በቤተ ክህነቱ አንድ ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ በእርሱም መንደራችሁ ቤተ ክርስቲያን እንዳይተከልለት አደረግሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አቶ ደምሴ፣ የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ ነዎት።

የጻፍኩት ይህ ነው፦ «የነባሩ ደብር ደወል በመንደሩ ይሰማል፤ ስለዚህ አዲስ መትከል አያስፈልግም።» በእርግጥ ይሰማል። በእኛ አገር ድምፅ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ይሻገራል። ሰው ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን እስኪወጣ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከነጭራሹ አይሻገርም። ይህን አላውቅም ነበርን? የዚያው አገር ልጅ ነኝ። መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ያስፈልገው እንደሆነ እንዳጠና ቢሮው የመረጠኝ ስለተማርኩ ነበር፤ ትምህርቴን ግን የማውቀውን ለመደበቅ ተጠቀምኩበት።

በደብሩ በኩል ባለው በወዲህኛው አፋፍ ቆሜ ለጥናቱ ማስታወሻ ስጽፍ፣ ከእናንተ ዘንድ የመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ዶክተሯ፣ ወንዙን በእርሳስ ልትሻገሪው ነው?» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ መጻፌን ቀጠልኩ።

ለምን? አባቴ የነባሩ ደብር አስተዳዳሪ ነበሩ። «ምእመኑ ለሁለት ከተከፈለ ማን ሊያስቀድስ ነው?» ይሉ ነበር። እንዲህ ጻፊ ግን አላሉኝም፤ ኃጢአቱን ከእሳቸው ጋር አልካፈለውም። በስተርጅናቸው ባዶ ቅጽር እንዳያዩ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ጥናት ብዬ ጠራሁት።

በተከታዩ ክረምት ወንድ ልጅዎን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊያስነሡ ታቅፈው ወረዱ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሦስት ቀን እየወረዱ ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ሳይጠመቅ ሞተ። ወንዙን የሞላሁት እኔ አይደለሁም። ማዶ ያስቀረኋችሁ ግን እኔ ነኝ። እኔ።

ዛሬ ከጸጸቴ ይልቅ ምስጋናዬ ይበዛል፤ ይህም ያሳፍረኛል። ከእኔ በኋላ የተመደበው ባለሙያ መንገዱን በእግሩ ሄዶ ቃሌን ሻረው፤ አመሰግነዋለሁ። እናንተ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በትከሻችሁ አጋዛችሁ፤ አመሰግናችኋለሁ። ታቦቱ የገባ ዕለት አባቴ በበቅሎ መጥተው፣ ቅጽሩን የሞላውን ሕዝብ አዩ። ከዚያም፣ «በመዝገቤ የሰፈረው ስማቸው እንጂ እነሱስ የእኔ አልነበሩም» አሉኝ። የነባሩ ደብር አስቀዳሽ በአንድ ሰው እንኳ አልጎደለም። ለቅዳሴ ከማዶ የሚመጣ መቼ ነበረና ይጎድላል? አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነባሩን ያዳክማል የሚል ሁሉ መጀመሪያ ያንን ገደል ይውረድ። እኔ አልወረድኩም፤ ስህተቴን በዓይኔ እስካይ ስላቆየኝ ግን እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ።

ዝም ብዬ በኖርኩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እርስዎ እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «እትዬ፣ ያኔ ቢሮው ቢከለክለንም እርስዎ ደክመውልናል። አሁን የተወለደችውን ልጄን ክርስትና ያንሡልኝ።»

የከለከለው ቢሮው አልነበረም። ይቅርታ አልለምንዎትም፤ ይቅርታ ቢሰጡኝ ነገሩ ተዘጋ ብዬ እንደማርፍ ራሴን አውቀዋለሁ። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ግን አንዲት ነገር ይመልሱልኝ፤ በሰው ሳይሆን በራስዎ አንደበት፦ የወንድሟን ጥምቀት ያስቀረ እጅ እሷን ይቀፋት ወይስ አይቀፋት?