የማን እንደሆነ ያልነገሩኝ ቀሚስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሙሉውን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ግማሹ ሐዘን ነው፣ ግማሹ ደግሞ ያሳፍረኛል።

የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ እየተማርኩ፣ ቀን ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አነስተኛ የስፌት ድርጅት እመራለሁ። ዙሪያችን ፈርሶ ሜዳ ሆኗል፤ እኛ ያለንበት ግቢ ብቻ ቀርቷል። ለቄራ ልኳንዳ ቤቶች ነጭ ጋውን፣ ለሆቴሎች ሽርጥ እንሰፋለን። ሠራተኞቼ ስድስት ሴቶች ናቸው፤ ባል የሞተባት አለች፣ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች አለች፣ ልጅ ታቅፋ ጎዳና ላይ የነበረች አለች። ድጋፍ ለመጠየቅ በማቀርበው ፕሮፖዛል ላይ "ተጠቃሚዎች" እያልኩ ነው የምጽፋቸው።

እኔ ደግሞ የተማርኩትን ቃል በቃል የምፈጽም ግትር ነገር ነኝ። አለቃ ከሠራተኛው ርቀት ይጠብቅ ሲባል ሰማሁ፣ ጠበቅሁ። ምሳዬን ብቻዬን እበላ ነበር። ግድግዳው ላይ "በሥራ ሰዓት የግል ሥራ መሥራት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። የምኖረው ቄራ ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ፈተና ሲደርስ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ፣ ከእናቴ ስልክ በቀር፣ ከሰው ጋር ሳልነጋገር የምቆይበት ጊዜ ነበር።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን አልሄድኩም። እሑድ እሑድ ስትደውል ከጤናዬ ቀጥላ "ሰው አለሽ ወይ ልጄ?" ትለኛለች። "ሞልቶ እማዬ" እላታለሁ። ውሸቴን ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኦሎምፒያ ደርሼ ስመለስ፣ ከውጭ የሰማሁት ወሬ በሩን ስከፍት ቀጥ አለ። ሁሉም አቀረቀሩ። በዕድሜ ትልቋ እትዬ ዘውዴ፣ ቆራጫችን ናቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርግተዋል። የያዝነው ሥራ ግን ሁሉም ነጭ ነው።

"የማን ነው ይሄ?" አልኳቸው።

"የሰው ነው" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"የየትኛው ሰው? መዝገብ ላይ የለም እኮ!"

"ለነገ ይደርሳል፤ ግድ የለሽም።"

ነደደኝ። ወደ ወረቀቱ ጠቆምኩና፣ እናቴ ለሚሆኑ ሴት የማይባል ነገር ተናገርኩ። "እዚህ ያስገባኋችሁ የራሳችሁን ገበያ እንድታቆሙ አይደለም" አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጡም። ያን ቀን ግን "ልክ ነሽ" ብለው መቁረጣቸውን ቀጠሉ።

ከቤይሩት የተመለሰችው ብርቱካን ትንሽ ቆይታ "ካርድ አልቆብኝ ነው፣ በቃ አንድ ደቂቃ" ብላ ስልኬን ይዛ ወጣች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው። "አልበራ አለኝ እኮ! ጠጋኝ ጋ ሰጥቼዋለሁ፣ ጠዋት አመጣልሻለሁ" አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችኝም። ሸጠችው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ ማምሻው ደግሞ ምግብ አቅርበው ከበቡኝ። በአንድ ዓመት ተኩል አብሬአቸው ቆርሼ አላውቅም። እትዬ ዘውዴ እየደጋገሙ አጎረሱኝ። "ብዪ እስቲ፤ ዛሬ ትምህርቱም ይቅርብሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ" አሉኝ። የጥፋተኛ ደግነት መሰለኝ። ተሰብስበው ጥለውኝ ሊሄዱ፣ የራሳቸውን ሊከፍቱ ነው ብዬ አሰብኩ። እጄ አመድ አፋሽ ነው እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ስልክም የለኝም። ለማን ብዬ እንደምከፋ እንኳ ግራ ገብቶኝ ተኛሁ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስቱም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ከአፌ የወጣው "ልትለቁ ነው አይደል?" የሚል ነበር።

እትዬ ዘውዴ ገብተው አንድ እጄን ያዙ፣ ብርቱካን ሌላውን። "እናትሽ አርፈዋል ልጄ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ስጮህ እንዳልወድቅ ይዘውኛል። ሲነጋጋ ጥቁሩን ቀሚስ አለበሱኝ። ልክክ አለ። ልኬን የወሰዱት ሥራ ቦታ በሩ ጀርባ ከምሰቅለው ጋውኔ ነበር። ሰፍተው ለመጨረስና በማለዳ ለመድረስ፣ ስድስቱም መስፊያ ክፍላችን ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው አድረዋል። ብርቱካን ስልኬን ከጉያዋ አወጣች። ዘመዶቼ የእናቴን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እየለጠፉ "ነፍስ ይማር" ሲሉ፣ ብቻዬን ሆኜ እንዳላይ ነው የወሰደችው።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበርና፣ በተከራዩት ሚኒባስ ሁላቸውም አብረውኝ ሄዱ። ለገጣፎን ካለፍን በኋላ "ማን ነገራችሁ?" አልኩ።

"ወንድምሽ ደወለልኝ፤ ቁጥሬን ከእናትሽ ስልክ አግኝቶ" አሉኝ እትዬ ዘውዴ። "አንቺ ስልክሽ የተበላሸ ጊዜ በእኔ ስልክ ደውለሽላቸው የለ? ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናወራ ነበር። 'ልጄ እንዴት ናት?' ይሉኛል። 'ትቆጣለች እንጂ ደህና ናት፤ ብቻዋን መብላቷ ነው የሚያሳዝነኝ' እላቸዋለሁ። 'አደራሽን፣ እያያችሁልኝ' ይሉኛል።"

"ስለ ትናንቱ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተዪው፤ ቁጣሽን ለምደነዋል" አሉኝ።

እንግዲህ እናቴ እሑድ "ሞልቶ" ስላት፣ ቅዳሜ እውነቱን ሰምታ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረችኝም።

ዛሬ ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ወረቀቱን ገነጠልኩት። ፕሮፖዛል ላይም "ተጠቃሚዎች" የሚለውን ቃል ስደርስበት እጄ አልታዘዝ ይለኛል። እሑድ ሲመጣ ግን አሁንም ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እቀመጣለሁ። ዛሬ ብትጠይቀኝ ሳልዋሽ እመልስላት ነበር።